የሻምበል ፈረቃ

ሻምበል ውሻ ነው። ማዕረጉን የሰጠችው የቤቱ ልጅ ናት። ከአባቷ ዳቦ ቤት ጓሮ፣ ከዱቄት ጆንያዎች ሥር፣ ዐይኑ በወጉ ሳይገለጥ አግኝታው በሹራቧ ጠቅልላ ያመጣችው ቀን እናትየው «እኛ ራሳችን ተጠጋግተን በምንኖርበት ቤት ደግሞ ውሻ? በሞቴ አውጪልኝ!» ብላ ጮኻ ነበር። አባትየው በሁለቱ መሀል ሲገባ ሁሌም እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም አለ። ቡችላው ግን ሰንበት ሳይል እናትየው ልብስ ስትሰፋ እግሯ ሥር፣ ከስፌት መኪናው መርገጫ አጠገብ መተኛት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማን ያውጣው?

ማዕረጉ የመጣው ካደገ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ ሦስቱም ከሰፈራቸው ጀርባ ወዳለው ፓርክ ይወጡ ነበር። እዚያ የእግር መንገድ አለ፤ ከበሩ ተነስቶ የእንጨቱን ድልድይ ይሻገራል፣ በጥዶቹ መሀል ይጠማዘዛል፣ የድንጋይ ደረጃውን ይወጣና ከተማውን ከላይ ከሚያሳይ ጠፍጣፋ አለት ላይ ያበቃል። ውሻው ከፊት ይሮጣል። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይቆምና ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይጠብቃል። ልጅቷ መጣች፣ እሺ። አባትየው መጣ፣ እሺ። ጉልበቷን የሚያማት እናት እያለከለከች ብቅ እስክትል ግን ንቅንቅ አይልም። ሦስቱንም ካየ በኋላ ነው ዞሮ መንገዱን የሚቀጥለው። «ይኸው ጦሩን ቆጠረ!» አለች ልጅቷ አንድ ቀን፤ «ሻምበል ነው እኮ!» በዚያው ጸደቀለት።

ከዚያ ልጅቷ ታመመች። በሽታው ለማስታመም እንኳ ፋታ አልሰጠም። ከቀብር በተመለሱ ማግስት እናትየው ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ያ መንገድ በዚህ ቤት እንዳይነሳብኝ» አለች። «እግሬ ቢሰበር ይሻለኛል እንጂ ሁለተኛ አልረግጠውም። አንተም እንዳትረግጠው።»

«እሺ» አለ አባትየው፣ ዳቦ ጋጋሪው።

ሰው ሲጎዳ የሚናገረው ሁሉ ሕግ ተደርጎ አይያዝም። ጋጋሪው ግን ያዘው፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሚስቱን የሚያስለቅስ ነገር ከእሱ እንዳይመጣ ስለፈራ ነው። የልጅቷን ስም አትጥሩ ያለ ማንም አልነበረም። ስሟ በራሱ ጊዜ ከቤቱ ጠፋ። የክፍሏ በር ተዘጋ፣ ፎቶዋ መሳቢያ ገባ፣ ሰው ሲጠይቃቸውም «ልጃችን» ብለው ያልፉታል።

የጋጋሪው ሥራ እራት ከተበላ በኋላ ይጀምርና ሲነጋ ያልቃል። ዳቦው ለሰው ቁርስ ሲደርስ፣ እሱ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት ሳያራግፍ፣ ለቤት የያዛትን ትኩስ ዳቦ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይመለሳል። ቤት ሲገባ ሚስቱ ስፌት ቤቷን ለመክፈት ሄዳለች። እሷ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደግሞ እሱ መጋረጃውን ጋርዶ እያንኮራፋ ነው። ባልና ሚስት መሆናቸው የሚታወቀው እራት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከልጅቷ ወዲህ ጨው አቀብይኝ፣ ውሃ አቀብለኝ ከማለት አያልፍም።

አንድ ጠዋት ጋጋሪው ሲገባ ሻምበል ከበሩ ኋላ ተቀምጦ ጠበቀው። ገመዱ የተሰቀለበትን ምስማር ያያል፤ ጋጋሪውን ያያል፤ እንደገና ምስማሩን ያያል። «አይሆንም» አለው ጋጋሪው። ውሻ አይሆንም ሲሉት ቆይ ያሉት ይመስለዋል፤ ሻምበልም ቆየ። ጋጋሪው ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ውሻው እዚያው ነው። አንጀቱን በላው።

«እስከ ድልድዩ ብቻ» ብሎ ወጣ። ድልድዩ ላይ «እስከ ጥዶቹ» አለ። ጥዶቹ ጋ ሲደርስ ራሱን መሸንገል ደከመውና ዝም ብሎ ሽቅብ ተጓዘ። አለቱ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ ታደርግ እንደነበረው ከዳቦው ቆርሶ ለወፎች ፈረፈረ። ከዚያ ሚስቱ እንዳትሰማው ቤት ውስጥ የዋጠውን ለቅሶ ሁሉ እዚያ አወጣው። ሻምበል አገጩን ጭኑ ላይ አስደግፎ እስኪጨርስ ጠበቀው። ቤት ሲመለሱ የውሻውን እግር በጨርቅ ወለወለ፣ ጨርቁን አጠበ፣ ገመዱን ምስማሩ ላይ መለሰና ተኛ። ሌባ እንኳ እንዲህ አሻራውን አያጠፋም።

በማግስቱም ሄደ። ከዚያም በየቀኑ። እራት ላይ የሚባለው ግን ሌላ ነበር።

«ሻምበል ዛሬ ወጣ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«መንገዱ ጥግ ድረስ ወሰድኩት።»

«እኔም ከሰዓት ጥግ ድረስ አውጥቼዋለሁ። ይበቃዋል።»

«ይበቃዋል እንጂ፤ ሽማግሌ እኮ ነው።»

ሽማግሌው ከጠረጴዛው ሥር እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። አፍንጫው ዙሪያ ያለው ጠጉር ዱቄት ውስጥ የገባ እስኪመስል ነጥቷል። ጋጋሪው በእግሩ ጣት ቀስ አድርጎ ሆዱን ያክክለትና አብሮት ምስጢር እንደያዘ ጓደኛ ያየዋል።

መንገዱ ላይ ጋጋሪውን አብዝቶ የሚያሳምመው መታጠፊያው ነበር። ሻምበል አሁን አይሮጥም፤ እያነከሰ ይሄዳል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን የድሮ ሥራውን አልረሳም። ይቆማል፣ ዞሮ ጋጋሪውን ያያል፣ ከዚያ ከጋጋሪው ጀርባ ያለውን ባዶ መንገድ ያያል። ጋጋሪው ቢጎትተው እንኳ ቶሎ አይነቃነቅም። «ና በቃ» ይለዋል ድምፁ እየተሰበረ፤ «አትመጣም። አትመጣም አልኩህ እኮ!» ውሻው በመጨረሻ ይሰለቸውና ይከተለዋል። ጋጋሪው በየመታጠፊያው ልጁን እንደገና የሚቀብራት ይመስለዋል። ያም ሆኖ በማግስቱ ይመለሳል።

ሌላም ነገር ነበር። ከድንጋይ ደረጃው ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ጋጋሪው እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ሻምበል ግን ወንበሩ ጋ ሲደርስ ከሥሩ ዘጭ ብሎ ይተኛና ቆይታ እንዳለው ሰው ዐይኑን ይከድናል። «አርጅተሃል ወዳጄ» ይለዋል ጋጋሪው። አንድ ቀን ደግሞ አለቱ ላይ ቀይ የክር ቁራጭ አገኘ። ልብስ ሰፊ ያገባ ሰው ክር የትም ይከተለዋል ብሎ፣ ከገዛ ኮቱ የወደቀ መስሎት በነፋስ ሰደደው።

የፓርኩ ዘበኛም አንዳንዴ ውሻውን ሲያይ ይገረም ነበር። «አይ ሻምበል! አንተስ አይታክትህም?» ይለዋል። ከዚያ ጋጋሪውን አየት ያደርግና የሚለው ነገር ያለ ይመስላል፤ ግን መልሶ ይውጠዋል። ጋጋሪውም ሰላምታውን መልሶ ያልፋል።

የክረምቱ ዝናብ ካቆመ ወዲህ ሻምበል ባሰበት። ደረጃው ላይ ሁለቴ ወደቀ። ጋጋሪው በዚህ ጊዜ ማቆም ነበረበት፤ እሱም አላጣውም። ግን አለቱ ላይ ብቻውን ቢቀመጥ ዝም ብሎ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ልጁ አጠገቡ ያለች የሚመስለው ያ ውሻ ጭኑ ላይ ሲተኛ ብቻ ነው፤ አብሯት የሮጠ፣ እጇን የላሰ፣ ሽታዋን የሚያውቅ ሌላ ፍጥረት በዓለም ላይ ያለ አይመስለውም። ሻምበል ከሄደ እሷም ለሁለተኛ ጊዜ ትሄድበታለች። ስለዚህ «ነገ አሳርፈዋለሁ» ይላል፤ ነገ ደግሞ ውሻው ምስማሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

አንድ ምሽት እራት ላይ ሻምበል የቀረበለትን ሥጋ አሽትቶ ተወው። ተኝቶ መዳፉን ብቻ ይልሳል። ሚስትየው ለማየት ጎንበስ ስትል ወለሉ ላይ የደም ጠብታ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለ ጋጋሪው፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ። እሷም ያለ ወትሮዋ ሳትጨቀጭቀው ደሙን በጨርቅ ጠረገች።

በማግስቱ እሱ ከሥራ እንደወጣ፣ እሷ ስፌት ቤቷን ሳትከፍት፣ ውሻውን ተጋግዘው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ልጃቸው ብትኖር ኖሮ በሐኪሟ ዕድሜ ትሆን ነበር። ሻምበልን የብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ልቡን አዳመጠች፣ ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች። ከዚያ መዳፎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ አየችና ወደ ሁለቱ ቀና አለች።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሄደው?»

«ኧረ እሱ ከጥግ አያልፍም» አለ ጋጋሪው ፈጥኖ።

«ከጥግ አያልፍም» አለች ሚስቱም፤ «ጉልበት የት አለው ብለሽ ልጄ።»

«እናቴ፣ ይህ ከጥግ የማያልፍ ውሻ እግር አይደለም።» ሐኪሟ መዳፉን አዙራ አሳየቻቸው፤ ቆዳው አልቆ ሥጋው ቀልቷል። «ጠጠር መንገድ ላይ ብዙ ሄዷል። በየቀኑ። ለወጣት ውሻ እንኳ ይበዛል።»

ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም ሊል ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ያዳነችው ዝምታ ግን ዛሬ ከዳችው።

«ጠዋት ጠዋት...» አለ ወደ ሚስቱ ሳያይ፤ «እኔ ወደ አለቱ እወስደዋለሁ። ይቅር በይኝ። አንቺ አይነሳብኝ ስላልሽ ነው ያልነገርኩሽ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው ግን!»

ቁጣ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ቀና ሲል ሚስቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ከሰዓት ከሰዓት» አለች ከእጇ ሥር፤ «እኔ እወስደዋለሁ።»

ጋጋሪው ክው አለ። ሐኪሟ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና የሆነውን ስትረዳ መዳፉን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ያን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ወጥቶ ተመልሶ፣ ትንሽ አሸልቦ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላኛዋን ሊያደርስ የወጣው ሻምበል ነው። በሁለቱም ፈረቃ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ምስማሩ ሥር ተቀምጦ ራሱ ይጠብቃቸው ነበር። ሻምበል ሁለቱም ዐይኑ ፊት ስለቆሙለት ደስ ብሎት ጅራቱን ብረቱ ላይ መታ መታ አደረገ።

«እኛው ነን የገደልነው?» አለ ጋጋሪው።

«ዕድሜውም ነው አባቴ። ልቡ ሰፍቷል፣ መገጣጠሚያው አልቋል።» ሐኪሟ ቃል መረጠች። «ይህን ያህል ባይሄድ ግን ትንሽ ይቆይ ነበር። አልዋሻችሁም። አሁን ቤት አስተኙት፣ የሚወደውን አብሉት። ከተሠቃየ አምጡትና እንዲያርፍ አደርገዋለሁ። በእግሩ ግን አይሂድ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋጋሪው ተሸከመው። ቁጡ ሰው ቢሆን ይሻለው ነበር፤ የሚቆጣው ሰው አጣ። ሚስቱን እንዳይቆጣ እሱም ያንኑ አድርጓል። ራሱን እንዳይቆጣ ደግሞ ሐዘኑ ቀድሞ ሞልቶታል።

ሻምበል ለቀናት ከበሩ ኋላ ተኛ። አንገቱን ማንሳት ሲያቅተው እንኳ ዐይኑ ከምስማሩ አይነሳም። ቅዳሜ ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና ባሏን ጠራችው።

«በእግሩ አይሂድ ነው ያለችው አይደል?»

«አዎ።»

«በእኛ እግር እንዳይሄድ አልከለከለችም። የጨርቅ ጆንያ አምጣልኝ፤ ጠንካራውን።»

ከዳቦ ቤቱ አመጣላት። ዱቄቱን አራግፋ፣ በድርቡ ሰፍታ፣ ከዳር ዳር ማንገቻ አበጀችለት፤ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን የሚይዘው። ለልጇ ቀሚስ የሰፋች ሴት ናት፤ ስፌቱን የጨረሰችው በዚያው ጥንቃቄ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ ውሻውን በመሀላቸው አንጠልጥለው የፓርኩ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ! እትዬ! ታረቃችሁ?» አለ በደስታ።

«መቼ ተጣላንና?» አለች ሚስትየው።

«እኔማ ተፋታችሁ ውሻውን በፈረቃ የምታሳድጉት መስሎኝ! እሳቸው ጠዋት፣ እርስዎ ከሰዓት... በሰው ትዳር ምን አገባኝ ብዬ አፌን ይዤ ነው እንጂ...» ፊታቸውን ሲያይ ቀሪውን ተወው። ጆንያው ውስጥ ያለውንም ያኔ አየና ቆቡን አወለቀ።

ድልድዩን ተሻገሩ። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ መንገድ ላይ ተራ በተራ ሲመላለሱ የኖሩ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲሄዱ እግራቸው አልገጥም አለ፤ እሱ ይቀድማል፣ እሷ ትጎትተዋለች። ከደረጃው ሥር ስትደርስ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

«እዚህ አርፋለሁ» አለች። «ጉልበቴ።»

«ለዚህ ነዋ!» አለ ጋጋሪው። «እዚህ ሲደርስ ዘጭ የሚለው ለዚህ ነዋ!» ሊስቅ ጀመረና ሳቁ መሀል ላይ ተበላሸበት።

«አለቱ ላይ ያለው ፍርፋሪስ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እኔ እኮ አንድ ደግ ሰው አለ እል ነበር» አለች። «አንድ የማላውቀው ሰው እንደ እሷ ለወፎች ዳቦ ይፈረፍራል እል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ቤት መጥቼ እንዳልነግርህ ደግሞ... እኔ ራሴ አልረግጠውም ብዬ፣ አንተን ከልክዬህ፣ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ጋጋሪው እጇን ያዘ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እሱም አያስታውስም። ተነስተው ደረጃውን በእርጋታ፣ በየመሀሉ እየቆሙ ወጡት።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሻምበል ጆንያው ውስጥ ተንቀሳቀሰ። እግሩን ጨርቁ ላይ ይጭር ጀመር። «አውርዱኝ እያለን ነው» አለችና ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩት። መቆም አልቻለም። ግን አንገቱን እንደምንም አንስቶ ፊቱን ወደ መጡበት መንገድ አዞረ። ጋጋሪውን አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ ከሁለቱ አልፎ፣ በጥዶቹ መሀል የሚወርደውን ባዶ መንገድ አየ።

«አሁንም ይቆጥራል» አለ ጋጋሪው። «እኔ ብቻዬን ሳመጣው እሷን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አንቺንም ነበር ለካ።»

«እኔ ደግሞ አንተን ብቻ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር» አለች። «እሷንማ የረሳት ይመስለኝ ነበር። ውሻ ነው ብዬ።»

አለቱ ከዚያ ይታያል። አልደረሱበትም። ሻምበል ሦስተኛዋ ሳትመጣ ከመታጠፊያው አይነሳም፤ እነሱም ሊያነሱት አልደፈሩም። መንገዱ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ከግራና ከቀኙ ተቀመጡ። ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ሚስትየው ጆሮውን እየዳበሰች ባዶውን መንገድ እሷም አየች። ከዚያ የልጇን ስም ጠራች። ጮኻ አይደለም፤ ከማጀት እራት ደረሰ ብላ እንደምትጠራት ብቻ። በቤታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጠራው ስም ነበር።

ሻምበል ጆሮው ቆመ። ጅራቱ ጠጠሩን መታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

ጋጋሪው እስከዚያ ቀን ያላሰበው ነገር ያኔ ገባው። እነሱ ሲውጡት የኖሩትን ስም ይህ ውሻም ተነፍጎ ኖሯል። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዝም ሊል ግን አልነበረም። እሱም ጠራት። ጅራቱ መታ። እሷ ጠራቻት። ጅራቱ መታ፤ ቀስ ብሎ። እሱ ጠራት። እንዲህ ስሟን እየተቀባበሉ፣ እሷ አንዴ እሱ አንዴ፣ ፀሐይዋ ከጥዶቹ በላይ እስክትወጣ ተቀመጡ። ጅራቱ መመለስ ካቆመም በኋላ እነሱ አላቆሙም።